የተገለበጠው ጠርሙስ

«ቀስ ይበሉ፣ አያ ሰጠኝ፤ እንዳይናወጥ!» ትላለች እየሩስ።

አጎቷ ሰጠኝ ጠርሙሷን በሁለት እጁ ከመደቡ ጥግ ያነሳል። ሚሌኒየም የሚል ጽሑፍ ያለባትን ኮፍያውን ለዚህ ጉዳይ ሲል አውልቋል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ጉዳዩ ይኸው ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ አጎቷ ነው። እሷ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተጠርታለች፤ አቶ አራጋው ደግሞ ለልጃቸው ለባምላክ ሊያጯት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከጎረቤት ከተማ ከኮን እዚህ ኩልመስክ መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት አራጋው «ኬሚስትሪ ምን ይረባሻል?» ሲሏት ደሟ ፈላ። ከበሬ ሐሞት የወጣ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረችላቸው።

«የማንም እጅ አይነካውም» አለች። «ቅንጣቶቹ ራሳቸው ተፈላልገው ይያያዛሉ፤ በዓይን የማይታይ ቱቦ ይሠራሉ። ቱቦዎቹ ሲጠላለፉ ውሃውን ጨምድደው ይይዙታል። በሳምንቱ ብትገለብጡት ጠብ አይልም።»

«ጠብ ካላለ ትሄዳለች፤ ከፈሰሰ ትዳራለች» አለ ሰጠኝ። በሽማግሌ ፊት ቃል ተገባ። «ከተማሰለ ግን አለቀለት» ብላ ደጋግማ የተናገረችውም ራሷ ናት፤ ሞኝ! ጠርሙሷን ማንም እንዳይነካት ልትጠብቅ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል የገባችው እናቷ ወለላ ነበረች።

ትናንት ከሰዓት እንደ እርጎ ረግቶ እየሩስ በዓይኗ አይታዋለች። ሻንጣዋንም ያን ጊዜውኑ አዘጋጀች።

ሰጠኝ ክዳኑን ከፍቶ ይገለብጣል።

ይፈሳል። ለአፍታ እንኳ አያንገራግርም፤ ወለሉ ላይ ይንዶለዶላል።

«ወይኔ ልጄን!» ይላል ሰጠኝ፣ ከልቡ አዝኖ። እንድትሄድለት ይፈልግ ነበር እኮ፤ ሻንጣውን የገዛላትም እሱ ነው። አራጋው ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «በይ እንግዲህ፣ ምሁሯ! ውሃ የሚይዝ ከፈለግሽ እኛ ቤት ጀሪካን ሞልቷል።»

እየሩስ ተንበርክካ የፈሰሰውን በጣቷ ትነካለች። እዚህም እዚያም የረጋ ቁርጥራጭ አለ። ረግቶ ነበር! አንድ ሰው አማስሎታል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት በአንዱ ቁራጭ መሀል ቀጭን ጥቁር ጭረት ታያለች። ስታሸው ጣቷን ይቀባታል። ኩል ነው።

የጠርሙሷ አፍ ጠባብ ነው፤ ማንኪያ አያስገባም። የኩል መኳያ ግን ያስገባል። በዚህ ቤት የሚኳል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቀና ስትል ወለላ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዛሬም አሳምራ ተኩላለች። ዓይኗን አትሰብርም።

«እማዬ?»

ወለላ ቀርባ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ስር «አንቺም አዲስ አበባ ሄደሽ እኔ ከማን ጋር ልኑር? ኮንስ ቢሆን በፈለግሁ ቀን እመጣልሻለሁ» ትላታለች።

እየሩስ መናገር ትችላለች። አንዲት ቃል ይበቃል። ግን በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል ያፈረሰች ሴት ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ እንኳ የሚጠራት አታገኝም። እየሩስ ጥቁሩን ጭረት በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ታጠፋዋለች።

«ምነው እልል አትሉም?» ይላሉ አራጋው። «ደስታ አይደለም እንዴ?»

ወለላ እልልታዋን ታቀልጠዋለች።