ይስማማዎ፣ ዶን ሲልቬሪዮ

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዶን ሲልቬሪዮ ሾርባቸውን ሳይነኩ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሚስታቸውን ከቀበሩበት ከሰኞ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ልጃቸው ኤልቪራ፣ «አባባ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ፤ ለእኔ ስትል» አለች። «ተይኝ ልጄ» አሏት።

ለክረምት ስፓኒሽ ልትማር ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ ከተማ መጥታ እነሱ ቤት ያረፈችው ፖላንዳዊቷ ማግዳ ምሳዋን ጨርሳ ተነሳች። እዚያ ከማዕድ የሚነሳ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «ይስማማዎ፣ ዶን ሲልቬሪዮ» አለቻቸው። ሽማግሌው አመስግነው ማንኪያውን አነሱና ሾርባውን ፉት አሉ።

ኤልቪራ አፍጥጣ አየቻቸው። «እኔ ሰሞኑን ሁሉ ስለምንህ፣ ለፈረንጇ በላህ?»

«ታዲያ ይስማማዎ እየተባልኩ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እናትሽ ብታይ ምን ትለኛለች?» አሉና ሁለተኛ ማንኪያ ደገሙ።

ማግዳ ክረምቱ አልቆ አገሯ እስክትመለስ ድረስ በየቀኑ ከሳቸው ቀድማ እየጨረሰች ተነሳች።