በሐሰን ልክ

ከደብረ ታቦር እስከ እብናት ያለ ሞተር ሁሉ የመካኒኩን የኢድሪስን ኮቴ ሲሰማ ሳሉን ይውጣል፤ ይህን የሚለው ራሱ ኢድሪስ ነው፣ ያውም ቀንሶ። ይህን የሚያህል ሰው ግን በሙት ይቀናል። የጋራዡ ባልደረባው ሐሰን ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ደንበኛው ግን አሁንም ሐሰን፣ ሐሰን ነው።

የሚኒባስ ሾፌሩ ትንሣኤም፣ "ሐሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቫልቭ ሲያስተካክል ሞተሬ ትንፋሹ አይሰማም ነበር" አለው።

"እሱን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ!" አለ ኢድሪስ፤ ውሸቱን ነው።

የሐሰንን የክፍተት መለኪያ አነሣና ስሱን የብረት ቅጠል በቫልቩ ክፍተት አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ሐሰን ቅጠሉን በሁለት ጣቱ እየሳበ፣ "ያዝ ሳያደርግህ አትልቀቀው" ይል ነበር። ኢድሪስ ግን እልህ ይዞት ብሎኑን በራሱ ልክ አላልቶ ተወው፤ ቅጠሉ ያለ ምንም ሳንካ ሾልኮ ወጣ።

"የሐሰን ነገር እዚህ ላይ አበቃ!" ብሎ ቅጠሉን ወደ ላይ ዘርግቶ ለትንሣኤ አሳየው። ቅጠሉ ከሞተሩም ከትንሣኤም ክንድ ሙሉ ይርቃል።

ወደ ኪሱ ሊከተው ሳብ አደረገው።

ባዶው አየር ላይ፣ በሐሰን ልክ፣ ቅጠሉ ያዝ አደረገው።