ቀርፋፋ ጭራቆች

አሸብር በወጣትነቱ በናዝሬት ጌም ቤቶች፣ ቢጫ ኳስ በጠመዝማዛ መንገድ ከጭራቆች በምታመልጥበት ጨዋታ፣ የሚችለው አልነበረም። የመኪና አደጋ ከአንገቱ በታች ካደረቀው ወዲህ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሚስቱ ትርሲት፣ ያንኑ የድሮ ጨዋታ አንድ ሰው እንደ አዲስ ሠርቶ ከነኮዱ በነፃ የለቀቀውን አወረደችለት። ጭንቅላቱን በማዘንበል እንዲጫወትም አስተካከለችው።

ቢጫዋ ኳስ ጠመዝማዛውን መንገድ ሳታጋምስ ጭራቆቹ ዋጧት።

“ፈጠኑብህ አይደል? ቆይ፣ ቀስ ላድርጋቸው” አለችው።

ቀስ አደረገቻቸው፤ አሁንም ተበላ። በመጨረሻ ጭራሽ እንዳይንቀሳቀሱ አደረገችና “አሁንማ ማን ይነካሃል!” ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

አሸብር ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያዘነበለ፣ አንድ መታጠፊያ እንኳ ሳይስት፣ መንገዱን ሁሉ አቋርጦ ዳር ጥግ ከቆመው ጭራቅ አፍ ገባ።

ትርሲት ከስክሪኑ ዞራ ፊቱን አየችው።

“ድገሚልኝ፣ ትርስዬ” አላት።