የነፋሱ ተራ

አውክየ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ ስታደርግ ዝናቡ ከነነፋሱ ፊቷን ገረፈው። በባሕሩ ግድብ አናት ላይ ባለው ጠባብ መንገድ አምስት ልጆች ብስክሌታቸው ላይ ተደፍተው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይታገላሉ። ሦስተኛዋ የልጅ ልጇ ሂስከ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት ብለው ወላጆቿ ለዚህ አውሎ ነፋስ የለቀቋት።

"ሂስከ! ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ! ብስክሌቱን ከኋላ እንጭነዋለን!"

"አያቴ፣ በናትሽ ተይኝ!" ልጅቷ ዞር እንኳ አላለችም።

"ጡጦዋን ይዘውላት መጥተው ነው፣ እማማ?" አለ ከፊት ያለው ረጅሙ ልጅ። በዚያ ሁሉ ነፋስ መሐል ሳቁ።

እንዳትመለስ መዞሪያ የለም፤ እንዳታልፋቸው መንገዱ አይበቃም። በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ቁልቁለቱ። መስኮቱን መልሳ፣ ሞቃት መኪናዋ ውስጥ እንደተዘጋባት በልጆቹ ፍጥነት ተንፏቀቀች። ደግነቱ ነፋሱን የሚመክተው የፊተኛው ነው፤ ሂስከ ከጀርባ ተከልላለች።

ረጅሙ ልጅ ግን ደከመውና ወደ ሰልፉ ጭራ ቀረ። ቀጣዩም ጥቂት ታግሎ ቀረ። ሂስከን ማንም ምንም አላላትም፤ በዚያ አገር ከፊት ሆኖ ነፋሱን የመመከት ተራውን የማያውቅ ልጅ የለም። ወደ ፊት ስትወጣ ነፋሱ ደረቷን መታት፣ ብስክሌቱም ወደ ባሕሩ ተንገዳገደ። የአውክየ እጅ ወደ ክላክሱ ሄደ፤ ብትደነግጥብኝስ ብላ መለሰችው።

ልጅቷ አንገቷን ትከሻዋ መሐል ቀብራ ፔዳሉን ረገጠች። አውክየም፣ አንዲት ጠብታ እንኳ በማትነካት ቦታ፣ መሪው ላይ ተደፍታ አንገቷን ቀበረች።