የናሱ ማዞሪያ

«ፓፓ ሎክዋ፣ የጊታሬን የፕላስቲክ ማዞሪያ ላቤ በላው። ንቅንቅ የማይል ይስጡኝ» አለ ጊታር ተጫዋቹ ምቡዪ።

ሽማግሌው ጊታር ጠጋኝ ሎክዋ የናስ የድምፅ ማዞሪያ መረጠለት፤ እንደ ልማዱም በብሎን አጥብቆ ሙጫ ጨመረበት።

«መድረክ ላይ ስትዘል አንተ ትወልቃለህ እንጂ ይሄ አይወልቅም» አለውና ጊታሩ ላይ ገመድ ሳይሰካ ማዞሪያውን ቀስ አድርጎ ወደ ታች አዞረው።

ማዶ ካለው መጠጥ ቤት የሚሰማው ዘፈን አብሮ ቀነሰ። ሎክዋ የኪንሻሳ መብራት እንደ ሁልጊዜው የደከመ መስሎት እስከ ዜሮ አዞረው። የታክሲዎቹ ክላክስ ጠፋ። ምቡዪ አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ ሳቁ ግን አይሰማም። ሎክዋ ሳለ፤ የገዛ ሳሉንም አልሰማውም።

ሙጫው የያዘውን ማዞሪያ ሊመልስ በሁለት እጁ ታገለ። ምቡዪ ንቅንቅ አለማለቱን ሲያይ ደስ ብሎት አውራ ጣቱን ቀሰረለት።