ወደ ላይ ነው ወደ ታች?

«ይቺንም ተዋት!» አለች ሪሐብ ኮምፒውተሩን፣ ቀዩን ክብ በጣቷ እየጠቆመች። ጠቅ። ክቡ ጠፋ። ከሥሩ ሌላ ቀይ ክብ ብቅ አለ። «እሷንም ተዋት! ምን አገባህ?»

የዜማ ኖታ የምትጽፍበት ሶፍትዌር ከሰሞኑ አፕዴት ወዲህ አራሚ ሆኖ አርፎታል። ድሮ የጻፈችለትን ዝም ብሎ ይቀበል ነበር፤ አሁን ገጹን ከላይ እስከ ታች ያስስና ስህተት የመሰለውን ሁሉ በቀይ ይከብባል። ለእንግሊዞቹ ዜማ ይሁን። እሷ የጻፈችው ግን የእናቷን መንዙማ ነው፣ ስልክ ላይ ከተቀዳው እየሰማች፣ ሐረግ በሐረግ። ክላፋም ሰፈር ያለው ኳየር፣ የእንግሊዞች የመዘምራን ቡድን፣ ዛሬ ማታ ሊለማመደው ነው። መሪያቸው ቤንጃሚን «ኖታው የታለ?» የሚል ቴክስት ሁለት ጊዜ ልኮባታል።

አባቷ አብዱልወሀብ ሻያቸውን ይዘው ከኋላዋ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አውቶቡስ መንዳት ካቆሙ ወዲህ በዚህ የአርችዌይ ቤት ዋናው ሥራቸው እሷን በነገር መነካካት ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣይው?»

«ከዚህ ጋር። የኛን ቅኝት አያውቅም፣ ሁሉንም ሮንግ ይላል።»

«ከማሽን ጋር ተጣልቶ የረታ አላየሁም» አሉ።

የመጨረሻው ክብ ላይ ስትደርስ ሪሐብ ሳቀች። ይቺን ድምፅ ታውቃታለች። ከሐረጉ መጨረሻ ላይ የእናቷ ድምፅ ድንገት ከቅኝቱ ወጥቶ እንግዳ ቦታ የሚያርፍባት ናት። ስለዚህች አንዲት ድምፅ ለኮንሰርቱ ፕሮግራም ግማሽ ገጽ ጽፋለች፤ «በወሎ መንዙማ ውስጥ ብርቅ የሆነች፣ ከናፍቆት የመጣች ስብራት» እያለች።

«አባ፣ ይቺን ስማ። ይሄ ደደብ ይቺንም ስህተት ናት ይላል!» ብላ ቅጂውን ከፈተችው። የእናቷ የሰዓዳ ድምፅ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሳሎኑን ሞላው። ሐረጉን ወጣች፣ ዞረች፣ ያቺ ቦታ ደረሰች።

አብዱልወሀብን ሻዩ ትን አላቸው። ሪሐብ ደንግጣ ዞር ስትል እየሳቁ ነው።

«ስሞክ አላርሙ ነው እኮ!»

«ምኑ?»

«የድሮው የኤሌፋንት ኤንድ ካስሉ ቤታችን የጭስ አላርም! ባትሪው አልቆ ጲጵ ይል ነበር። ከጀርባዋ ስሚው። እናትሽ ስልኳ ላይ እየቀዳች እሱ ጲጵ ሲል፣ ሳታስበው ተከተለችው። ከዚያማ እኔን! ‹ባትሪውን ቀይር ስልህ ነገ ነገ እያልክ ይኸው መንዙማዬን በላኸው!› ብላ አኩርፋኝ ከረመች።»

ሪሐብ መልሳ ከፈተችው። እውነትም ከድምጿ ጀርባ ቀጭን ጲጵታ አለ፤ እናቷ ልክ እሱ ላይ ነው ያረፈችው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰማው ጆሮዋ ከእናቷ ድምፅ ሌላ ነገር አልፈለገም ነበር። ፊቷ ጋለ። ግማሽ ገጽ ሙሉ፣ ስላለቀ ባትሪ! ኧረ በአላህ!

ሳቋ መጣ፣ ግን አልዘለቀም። ከመንዙማው ሁሉ የምትወደው ይቺኑ ነበር። እናቷ ስትናፍቃት ቅጂውን ትከፍትና እዚህች ቦታ ስትደርስ ነው እንባዋ የሚመጣው።

«ላስተካክለው?» አለች ቀስ ብላ።

«አስተካክይው እንጂ! ሰዓዳ ‹ያን ሁሉ ፈረንጅ ሰብስባችሁ ስህተቴን አስጠናችሁት?› ብትል ምን እንላታለን?»

ልክ ናቸው። እናቷ በመንዙማ ቀልድ አታውቅም ነበር። ሪሐብ ቀዩን ክብ ስትነካው ማሽኑ ሁለት ምርጫ አመጣላት። ድምፁን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማድረግ፣ ወይም አንድ ደረጃ ወደ ታች። ሁለቱም ከቅኝቱ ይገጥማሉ። መሳሳቷን ያውቃል እንጂ ትክክሉን እሱም አያውቅም።

«አባ፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ምኑ?»

«አላርሙ ባይጮህ የት ነበር የምታርፈው? እኔ ከቅጂው ውጪ አላውቀውም። አንተ ግን ስንት ጊዜ ሰምተሃታል፤ እስቲ በለው።»

ዜማው ከሰዓዳ አያት የመጣ ነው። ከእሷ በቀር ሲለው የተሰማ ሰው የለም። አብዱልወሀብም ከቀብሯ ወዲህ መንዙማ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሻዩን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ መንገዱን ግን አልሳተም። ሐረጉን ወጡ፣ ዞሩ፣ መጨረሻው ላይ ደረሱና አላርሙ ላይ አረፉ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «አይ፣ ቆይ።»

ደገሙት። እዚያው። ለሦስተኛ ጊዜ በዝግታ፣ እጃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ፈለጉት። አሁንም እዚያው።

«አባ፣ አንተም ቅጂውን ትሰማዋለህ እንዴ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «በየቀኑ።»

ሪሐብ አታውቅም ነበር። እሷም እሳቸው ሲወጡ ጠብቃ ነው የምትሰማው።

«ወላሂ ልጄ፣ ጠፋኝ» አሉ አብዱልወሀብ፣ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ። «ሲቀዳ አጠገቧ ነበርኩ፣ ትክክሉን አውቀው ነበር። አሁን ከዚህ ሌላ አይመጣልኝም።»

ስልኳ እንደገና ጮኸ፣ ቤንጃሚን ነው። ሪሐብ ሁለቱን ምርጫዎች አየቻቸው። አንዱን ጠቅ ብታደርግ ክላፋም ውስጥ የሚያውቅባት የለም። ለፕሮግራሙ የጻፈችውን ግማሽ ገጽ ሰረዘች። ከዚያ «ተወው» የሚለውን ተጫነች፣ ክቡ ጠፋ፣ ኖታውን ላከችው።

አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ጀመሩ። አሁን የሚፈልጉት ነገር የለም። ሐረጉ ሲዞር ሪሐብም ቀስ ብላ ገባች፤ ሁለቱም አንድ ላይ እዚያችው ቦታ አረፉ።