አሳማ ያልሆነው አሳማ

በእስክንድርያ እኔን የሚያህል ወጥ ሠሪ አልነበረም። ድንጋይ ብቀቅል እንኳ ቄሳር ከሮም ተነስቶ መረቁን ጨምሩልኝ ይል ነበር።

አንድ ቀን የማበስልለት ገዢ፣ ዶሲቴዎስ የሚባሉትን አይሁዳዊ ሽማግሌ ከነልጃቸው ወደ ማዕዱ አስጠራ። ልጁ “ከኦሪት አንዲት ቃል አልሽርም፤ አሳማ አልበላም” ብሎ ጀርባው እስኪላጥ ተገርፏል።

“ዛሬ ማታ ሁለታችሁም አሳማ ካልበላችሁ ነገ አንበሳ ይበላችኋል” አላቸው ገዢው።

አንጀቴ አልቻለም። ደግሞስ ሙያዬን የማሳይበት እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይመጣል? ማታ ሳህኑን ሳቀርብ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

“አባቴ፣ ሳይፈሩ ይብሉ። የፍየል ግልገል ነው፤ አሳማ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።”

ቀመሱ። ከዚያም ለልጃቸው በቋንቋቸው አንሾካሾኩና በገዛ እጃቸው አጎረሱት። ልጁ እያለቀሰ ዋጠ። ገዢው በሳቅ ፈርሶ “አይሁድም እንደ ሰው በላ! ልቀቋቸው!” አለ።

በጓሮ በር ስሸኛቸው ሽማግሌው እጄን ይዘው ሳሙት።

“ወንድሜ፣ ነፍሳችንንም ሕጋችንንም አተረፍክልን። ግን እንዴት ብትሠራው ነው እንዲያ የነጣውና የለሰለሰው?”

እንዲህ ያለ ምስጢር ለንጉሥ እንኳ አልናገርም፤ ለእሳቸው ግን ሳልሰስት ነገርኳቸው።

“ውሃ የሚባል አላስነካሁትም፣ አባቴ። በወተት ነው የቀቀልኩት! ያውም የማንንም ወተት መሰለዎት? እናቲቱን አብሬ ገዝቼ፣ ከራሷ ጡት አልቤ ነው!”

እጄን ለቀቁት። “ኦሪት ‘ግልገሉን በእናቱ ወተት አትቀቅል’ ይላል!” አሉ። በዚያው ባጎረሱበት እጅ የልጃቸውን አፍ ፈልቅቀው ጣታቸውን እስከ ጉሮሮው ሰደዱት።